ቁልፉ ኪስዎ ውስጥ ስላለው ቁም ሣጥን

ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። የእኔ የተቃወሰው ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ የካርድ ክፍል ሠራተኛዎ በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ «ኮንዶም ነው ያልሽው? ያገባሽ ነሽ ያላገባሽ?» ብሎ በጠየቀኝ ቅጽበት ነው። ከኋላዬ አግዳሚ ወንበር ላይ አሥራ አንድ ሰዎች ወረፋ ይጠብቁ ነበር፤ አንዷ አክስቴ ናት።

ስለዚህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

1ኛ. ቀድሞ በመጸዳጃ ቤቱ ኮሪደር ተሰቅሎ ማንም የሚፈልገውን ያህል ይወስድበት የነበረውን የኮንዶም ሣጥን፣ ለጨዋነታችን ተቆርቁረው ቢሮዎ ቁም ሣጥን ውስጥ ስለቆለፉልን አመሰግናለሁ።

2ኛ. ሙሉ ስም፣ ዕድሜ፣ የጋብቻ ሁኔታና ፊርማ የሚሞላበት መዝገብ ስላዘጋጁልን አመሰግናለሁ። የሥነ ሕይወት መምህርት ነኝ፤ ስለ መከላከል ሳስተምር ይህን መዝገብ ሳልጠቅስ በማለፌ ይቅር ይበሉኝ። ያን ቀን ሳልፈርም፣ ባዶ እጄን ወጣሁ። እኔ በእግሬ ቤት እስክደርስ ወሬው ቀድሞኝ ገብቶ ቁጭ ብሏል። እናቴ የምጠጣበትን ብርጭቆ ለይታ አስቀመጠችው።

3ኛ. እጮኛዬ ለወራት በሥራ ርቆ ከርሞ ሲመለስ፣ ሁለታችንም ተመርምረን ውጤቱን እስክናይ እንጠንቀቅ ልለው ነበር ሐሳቤ። ወሬው ከእኔ በፊት አገኘው። «ለእኔ ነው ወይስ ለሌላ?» አለኝ። ታማኝነቴን የማስረዳበት አንድ መንገድ ብቻ ተወልኝ፤ ያለ ጥንቃቄ አብሬው ተኛሁ። በዚህ አልኮራም፤ ሌላ በር ግን አላየሁም።

በሦስተኛው ሳምንት ተመልሼ ያንኑ አግዳሚ ወንበር አሞቅኩ። ነርሷ የአባላዘር በሽታ መሆኑን በለሆሳስ ነግራኝ መድኃኒት ሰጠችኝ። ለመድኃኒቱ ያገባሁ ያላገባሁ መሆኔን የጠየቀኝ የለም፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ አይደል? የኤች አይ ቪው ምርመራ ከሦስት ወር በኋላ ይደገማል ተብዬ ቀን እቆጥራለሁ። እጮኛዬ በበኩሉ ኮንዶም የጠየቀችው እሷ ናት፣ በሽታውም የእሷ ነው እያለ ለቤተሰቡ ያስረዳል። የበላይ ቢሮ ሄጄ አቤት ብል ወደ እርስዎ መሩኝ፤ ወደ እርስዎ ብመጣ ስብሰባ ላይ ነዎት ተባልኩ።

ምን ማድረግ እንደምችል አላውቅም። የማልቀበለውን ግን አውቃለሁ፦ ከእንግዲህ ጋብቻዬን በወረፋተኛ ፊት አላስመረምርም፤ ፍቅሬን በጤናዬ አላስመሰክርም፤ በተለየ ብርጭቆም አልጠጣም።

ጤናዎን ከልብ የምትመኝ፣ የራሷን ግን ገና የማታውቅ፣
በመዝገብዎ ያልፈረመች መምህርት

ግልባጭ፦ ለአግዳሚ ወንበሩ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ስብሰባ ላይ በነበሩበት ዕለት የቢሮዎ በርና ቁም ሣጥንዎ ገርበብ ብለው ነበር። የኮንዶሙ ካርቶን እስከ አፉ ሙሉ ነው፤ መጠቀሚያ ጊዜው በሚቀጥለው ወር ያበቃል። ያን ጊዜ ቢያቃጥሉት እንደ ፈቃድዎ ይሁን። «ፈላጊ ስለጠፋ» ብለው ሪፖርት ቢጽፉ ግን፣ እሱንም አልቀበልም።