ሦስት መቶ ቶን ያስቆመው አንሶላ

ይድረስ ስትቆጣ አፍንጫዋ ለሚቀላው፣ ብትቆጣም ለምትናፍቀኝ ለታላቅ እህቴ ለያስና፤

ለመሆኑ እንዴት ከርመሻል? ወገብሽስ እንዴት ነው? ዓሣ ፋብሪካው ውስጥ ቆሞ መዋሉ እግርሽን አላሳበጠውም? ባልሽ ቤላርሚኖስ ደህና ነው? ማንኮራፋቱን ተወ ወይስ ፖርቶ ሞንት የሚገቡት መርከቦች አሁንም በእሱ ድምፅ ነው የሚመሩት? ልጆቹስ? ያቺ ትንሿ ጥርስ አወጣች? ትልቁስ አወለቀ? ዝናቡስ አባራ ወይስ እናንተም እንደ ዓሣው ክንፍ አብቅላችሁ መዋኘት ጀመራችሁ? እኛ በጣም ደህና ነን። ሰማያችን እንደ ድሮው ንፉግ ነው፤ ጠብ አይልም። ከአንቺ ናፍቆትና ከጎረቤታችን ውሻ በቀር የሚያስቸግረን ነገር የለም።

በስልክ ለምን አልነገርከኝም እንደምትዪ አውቃለሁ። በስልክ ብነግርሽ መሃል ላይ ትቆጪና ጆሮዬ ላይ ትዘጊዋለሽ፤ ወረቀት ግን አይዘጋም። ፊደል የሳትኩበትን እንደ ልማድሽ በቀይ እስክሪብቶ አክብቢው። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ትምህርት ቤቱ ሲያሰናብተኝ የደስታ እንባ ያነቡትን መምህራን አስቢና ማሪኝ።

ሥራዬ ያው ጎሚስታ ቤት ነው። እሁድ እሁድ ደግሞ የምታውቂው በሽታዬ ይነሳብኛል፤ ከወደቡ በላይ፣ ከትልቁ የብረት ውኃ ጋን አጠገብ ወጥቼ ከባድ መኪና አያለሁ። ከዚያ ሆነሽ ከመርከብ የወረደ ሁሉ ታጥፎ ወደ በረሃው ሲወጣ ከእግርሽ ስር ነው የሚያልፈው። አካፋው የተፈታለት ዶዘር፣ ሁለት ሰው ተደራርቦ የማይደርስበት ጎማ፣ ለብቻው በሎቤድ ተጭኖ ቤት የሚያህል የገልባጭ መኪና ሳጥን። ጓደኛዬ ዶን ሰጉንዶ ናቸው፤ ድሮ ወደቡ ላይ ክሬን ይነዱ የነበሩት፣ ጆሯቸው ላይ ፀጉር የበቀለው ሽማግሌ። ወንበራቸውን ዘርግተው፣ ፔርሙዛቸውን ከፍተው፣ ያለፈውን ሁሉ በደብተር ይጽፋሉ፤ ስንት ረድፍ ጎማ፣ ምን ጭነት፣ በስንት ሰዓት። ባለፈው ወር እሳቸው ሽንት ቤት ሲሄዱ ጠብቄ አርባ ረድፍ ጎማ ያለው አለፈ ብዬ ዋሸኋቸው። ልጃቸው እንደነገረችኝ ከሆነ ሁለት ቀን ሙሉ እህል አልቀመሱም። በሦስተኛው ቀን እውነቱን ስነግራቸው፣ “አንተን ያሳደገች እናት መንግሥተ ሰማያት በቀጥታ ነው የምትገባው፤ ወረፋም አትይዝም” አሉኝ።

አሁን ወደ ዋናው ወሬ ልምጣ። አባባ ጡረታ ወጣ! ሐኪሙ ወገቡን ጫን ጫን አድርጎ፣ “ሩፔርቶ፣ ከዚህ በኋላ መሪ የምትይዘው የሱቅ ጋሪ ስትገፋ ብቻ ነው” አለው። አባባም አንድ የመጨረሻ ጭነት ብሎ ለመነ። ጭነቱ ምን ይመስልሻል? ለማዕድን ማውጫው የመጣ የድንጋይ መፍጫ ከበሮ። ከበሮ ስልሽ የሚመታውን እንዳይመስልሽ። ቤታችንን ከነጣሪያው፣ ከነእማማ፣ ከነጎረቤቱ ውሻ ብትከቺበት ይንኳኳል። ከነተሸካሚው ሦስት መቶ ቶን። ከፊት አባባ ይጎትታል፣ ከኋላ ጓደኛው ቻቶ በሌላ መኪና ይገፋል።

አባባ ለሥራ እንዴት እንደሚወጣ ዝናቡ አስረስቶሽ እንዳይሆን። የእነዚህ ከባድ ጭነት ሾፌሮች ሕግ አለ፤ ሚስትም ልጅም ጭነቱ ሲወጣ ማየት የለበትም፣ ደህና ሁን የሚባል ነገርም የለም። ድሮ የአንዱ ሚስት ወደቡ በር ድረስ መጥታ መሐረብ ስታውለበልብ የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ሰንሰለቱ ተበጠሰ አሉ። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ሹልክ ብለው ነው የሚወጡት። የእኛም ሰውዬ ያው ነው፤ ቦርሳውን ያንጠለጥልና፣ “ዳቦ ልገዛ ነው” ይላል። እማማም ቀና ሳትል፣ “አቮካዶም ጨምርበት” ትለዋለች። ከዚያ ዳቦ ገዢው አሥር ቀን ይጠፋል። እኔስ ማንም ሳያውቅብኝ ጋኑ ጥግ ተደብቄ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ሰንሰለትም አልተበጠሰ። ይህን ለአባባ የምትነግሪ ከሆነ ወንድም የለሽም።

እማማ ግን አንድ ቀን እንኳ አላየችም። ሃያ ስድስት ዓመት! የመጨረሻው ጉዞ በቀረበ ሳምንት ቱታውን ስትተኩስ ብቻዋን መስሏት፣ “የማላውቀውን ሥራ ልብስ ሳጥብ አረጀሁ” ስትል ሰማኋት። እኔ ደግሞ እንደምታውቂኝ ልቤ ድንጋይ ነው። ግን ቆዪ፣ ይህ ድንጋይ እንደ ሳሙና ሟሟ። በዚህ እሁድ ካላየች መቼም አታይም አልኩ። ሂጂና እዪ ብላት ደግሞ በመጥረጊያ ነው የምትሸኘኝ። ስለዚህ ተንኮል ማሰብ ነበረብኝ፤ መቼም በዚህ ሙያ አትንቂኝም።

እሁድ አባባ ሳይነጋ ዳቦ ሊገዛ ወጣ። እኔ ቁርስ ላይ፣ “እማዬ፣ ትምህርት ልጀምር ነው፤ ዳይሬክተሩ ወላጅ ይዘህ ና ብለውኛል” አልኳት። “በእሁድ?” አለች። “የሥራ ሰው ናቸው፣ ሌላ ቀን አይመቻቸውም” አልኩ። ያስና፣ እማማን ብታያት! አልቅሳ ልትስመኝ ምንም አልቀራት። ያንን አባባ የገዛላትን አረንጓዴ ካፖርት በዚህ ፀሐይ ለበሰችው፣ ቦርሳዋን ያዘች። ሽቅብ እየተጓዝን፣ “ዳይሬክተሩ ሲያናግሩህ አፍንጫህን አትንካ” እያለች ትመክረኛለች። ኃጢአቴ ተረከዜ ላይ ሲነክሰኝ ይታወቀኝ ነበር።

ጋኑ ጋ ስንደርስ ዶን ሰጉንዶ ከወንበራቸው ተነስተው ባርኔጣቸውን አነሱ። እማማ እሳቸውን አየች፣ ፔርሙዙን አየች፣ ቁልቁል መንገዱን አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። “ዳይሬክተሩ እሳቸው ናቸው?” አለችኝ። ጥፊዋ እስካሁን ጉንጬ ላይ አድራሻ አለው። ልትመለስ ስትል ግን የፖሊሶቹ ሞተር ሳይክል ድምፅ ተሰማ፣ ቢጫዎቹ አጃቢ ፒክአፖች ብቅ አሉ። እማማም በድንጋጤ ቀጥ ብላ ቆመችና ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጠች! ፊቷን ወደ ጋኑ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች።

“እማዬ ዙሪ” አልኳት። “አልዞርም። በመጨረሻው ቀን ገዳዩ እንድሆን ነው የምትፈልገው?” አለችኝ። ዶን ሰጉንዶ፣ “ዶኛ ኤርሚንያ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ሳይ ምንም አልሆኑም” አሏት። “እርስዎ ሚስቱ ነዎት?” አለቻቸው፤ ሽማግሌው ወደ ፔርሙዛቸው ተመለሱ። ትንሽ ቆይታ ግን በለሆሳስ፣ “ምን ይመስላል?” አለች። ዶን ሰጉንዶ ጎማ መቁጠር ጀመሩ፤ እኔ የሌለ ነገር ስጨምር፣ “ዝም በል፣ እሳቸው ይናገሩ” ትለኛለች። አስቢው፤ አባባ እየመጣ ነው፣ እማማ ዓይኗን ጨፍና ፊቷን ለጋን ዝገት ሰጥታለች።

አሁን ስለ አንሶላው ልንገርሽ። ከፊት የሚሄደው ፒክአፕ ላይ ረጅም ዘንግ ቆሟል፤ ቁመቱ ከጭነቱ ትንሽ ይበልጣል። ዘንጉ ሽቦም ይሁን የሸረሪት ድር ከነካ ሁሉም ይቆማል፤ የአጃቢዎቹ ኃላፊ ወርደው ራሳቸው ሳይለኩና ሳይፈርሙ ማንም ንቅንቅ አይልም። እኔም ይህን ስለማውቅ ማለዳ የጎሚስታ ቤቱን መሰላል ተሸክሜ መታጠፊያው ላይ ከሁለት ምሰሶ መሃል አንድ አበባ ያለው አንሶላ አስሬ ነበር። መልካም ጉዞ ብዬ እንዳልጽፍበት ክልክል ነው፤ ስለዚህ በጎማ ቀለም በትልቁ፣ “ዳቦውን እንዳትረሳ” ብዬ ጻፍኩበት። ለፖሊሱ፣ “ከፍ አድርጌ ነበር ያሰርኩት፣ ነፋስ አወረደው” ብያለሁ። አንቺ ግን ታውቂኛለሽ።

ዘንጉ አንሶላውን ነካው። ፒክአፑ ቆመ፣ ሞተር ሳይክሎቹ ቆሙ፣ ሦስት መቶ ቶን ትንፋሹን አውጥቶ ከእግራችን ስር ቆመ። ኃላፊዋ ወይዘሮ ኢቫንያ ይባላሉ፤ ወርደው አንሶላውን አንጋጠው በሬዲዮ ለሁሉም አነበቡት። ፖሊሱ፣ “የምን ዳቦ ነው?” ሲል ከኋላ ቻቶ መስኮቱን ከፍቶ እንደ አህያ ያናፋል፤ ሾፌሩ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

ዶን ሰጉንዶ የአጃቢዎቹን ወሬ የሚሰሙባት አሮጌ ሬዲዮ አለቻቸው። በእሷ የአባባ ድምፅ መጣ። “ሰጉንዶ፣ እንደምትሰማኝ አውቃለሁ። እዚያ ላይ ጋን የምታየውን ሴትዮ በካፖርቷ አውቄያታለሁ። ሕጉ የሚለው ጭነቱ ሲወጣ አይታይም ነው። የቆመ ጭነት ደግሞ አልወጣም። ዙሪ በላት።”

እማማ ዓይኗን ገለጠች። “ሩፔርቶ ራሱ ነው ያለው?” አለች። “ራሱ ነው” አልናት። “ፀጉሬ እንዴት ነው?” አለች። ከዚያ ካፖርቷን ቆለፈችና ዞረች።

ያስና፣ እማማ ዝም ስትል አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ አላውቅም ነበር። ከፊት ጎታቹ ጀምራ እስከ ኋላ ገፊው ድረስ ቀስ ብላ አየችው፤ መንገዱን ሞልቶ፣ ከሱቆቹ ጣሪያ በላይ ወጥቶ። “እኔ እኮ መኪና መስሎኝ ነበር” አለች። “ይሄ ሰፈር ነው።” ቀጥላ፣ “እሱ የታል?” አለች። ከፊት ጎማው አጠገብ የክብሪት እንጨት አክሎ ቆሟል። እጁን አላነሳም፤ ኮፍያውን ብቻ አወለቀ። እሷም እጇን አላነሳችም። ኋላ ያለውን መኪና እያየች፣ “ያ የሚገፋው ቻቶ ነው?” አለችኝ። አዎ፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ወደ ኋላ ይዞ የሚያስቀረው እሱ ነው አልኳት። “እንግዲያው አባትህ በእንቅልፉ ያዝ! ያዝ! የሚለው ለእሱ ነው” አለች። “እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ ዓመት ሌባ የሚያባርር መስሎኝ እየወጣሁ በረንዳውን አያለሁ።” ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ግን ወደ ሌላ ነገር ዞረ። ዶን ሰጉንዶ ባርኔጣቸው ውስጥ የጠፋባቸው ነገር እንዳለ ሁሉ ሲፈልጉ ቆዩ።

ሃያ ደቂቃ ቆመ። ልኬቱ አልቆ ሞተሩ ሲነሳ እማማ ማንም ሳይነግራት ጀርባዋን ሰጠች፤ ድምፁ በረሃው ውስጥ እስኪጠፋም አልዞረችም። ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ግን ወይዘሮ ኢቫንያ ወደ እኔ ወጥተው አንሶላውን አጥፈው ሰጡኝ። “ሪፖርቱ ላይ የመቆሚያ ምክንያት፣ አበባ ያለው አንሶላ ብዬ ፈርሜያለሁ። ቢሮው እስከ ጡረታዬ ይስቅብኛል። ሁለተኛ ባገኝህ በዘንጉ ጫፍ ላይ አስሬ ነው የምወስድህ” አሉኝና ሄዱ። እማማ፣ “ይሄ የእኔ አንሶላ አይደለም?” ስትል ሁለተኛው ጉንጬም እኩል ሆነ። ትምህርት ቤቱንም አልረሳችውም፤ ሰኞ ጠዋት ጆሮዬን ይዛ በእውነት አስመዘገበችኝ። ማታ ማታ እማራለሁ። አትሳቂ።

አባባ በአሥራ አንደኛው ቀን ገባ፤ ከበሮው ያለ አንድ ጭረት ደርሷል። እኔ አልጋ ስር ልገባ ስዘጋጅ አየት አደረገኝና አለፈኝ። እማማ ሃያ ስድስት ዓመት ሲመለስ የምትጠይቀው፣ “በላህ?” ብቻ ነበር። አሁን ሻይ ቀድታለት ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና፣ “ያ ዶን ሰጉንዶ የነገሩኝ፣ ዳገቱ ላይ ያለው ጠባብ መታጠፊያ ጋ፣ ኋላው ወደ ገደሉ ሳይወጣ እንዴት አዞራችሁት?” አለችው። አባባ ሻዩን ወደ ጎን ገፋ አደረገ። ከዚያ ከኪሴ እስክሪብቶ መዞ የጠረጴዛው ልብስ ላይ መንገዱን መሳል ጀመረ፤ ዳገቱን፣ ገደሉን፣ የቻቶን መኪና። እማማ፣ “ቆይ፣ ይሄኛው ጎማ የታል?” እያለች ስታስጨምረው ሻዩ ቀዘቀዘ፤ እኔም ሦስት ቀልድ ጀምሬ የሚሰማኝ አጣሁ።

ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ለቤላርሚኖ፣ ትራሱን አፉ ላይ እንዲያስር። ለአማትሽ ለዶኛ ኦርቴንሲያ፣ የላኩልኝን ካልሲ ሁለት እግሬ በአንዱ ውስጥ ገብቶ ሞቆኛል በያቸው። ለትልቁ ልጅሽ የመኪና ፎቶ ልኬለታለሁ፤ ጎማውን ቆጥሮ ካልነገረኝ አጎቱ አይደለሁም። ትንሿን ሁለቱን ጉንጮቿን ስሚልኝ፤ የእኔዎቹ ለጊዜው ቆስለዋል። እማማና አባባ፣ ዶን ሰጉንዶም ጭምር ሰላም ብለውሻል።

ደግሞ አትቆጪ፤ የተሳለበት የጠረጴዛ ልብስ ለገና የላክሽልን ነጩ ነው። ላጥበው ብል እማማ ከለከለችኝ።

ወንድምሽ ዋልዶ
አንቶፋጋስታ፣ ማርች 24 ቀን 2019