በፍል ውኃ ውስጥ ቼዝ

ለውድ ባለቤቴ ለታደሰ፣

ከተለየኸኝ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ዛሬ የምጽፍልህ ሳንቋጨው የቀረ ጉዳይ ስላለን ነው።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። ሊንደበርግ ሰፈር ያለው ቤታችን እንደነበረ ነው። የሕንጻውን በር ቀይረውታል፤ አዲሱን ቁልፍ ስለማላምነው ሁለቴ ስቤ አየዋለሁ። የከተማው አስተዳደር ኮሙኑ በየሳምንቱ ቤት የምታጸዳ ሴት ይልክልኛል። ጨዋ ትመስላለች። ቢሆንም መስኮቱ ሥር ያለው ወንበርህ ከቦታው እንዳይነቃነቅ ወለሉ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጌበታለሁ። ልጃችን ሰላም መሃል ከተማ ቢየርቪካ አዲስ ሥራ ይዛለች። ስትደውል ድምፅዋን ዝቅ ካደረገች የደበቀችኝ ነገር አለ ማለት ነው።

ባለፈው ወር የደበቀችኝ የአውሮፕላን ትኬት ሆኖ ተገኘ፤ ወደ ቡዳፔስት። ጡረታ በወጣህ ዓመት ከጎረቤታችን ከአቶ ተክለ ጋር፣ «ለጉልበቴ ሕመም» ብለህ የሄድክበት ከተማ።

ተመልሰህ ያወራኸኝን አልረሳሁትም። ቤተ መንግሥት የመሰለ አሮጌ ቢጫ ሕንጻ፣ በግቢው መካከል የሚጨስ ውኃ፣ እስከ ደረታቸው ተነክረው ቼዝ የሚጫወቱ ሽማግሌዎች። አንተም ሁለት ጊዜ ገጥመሃቸው ሁለቱንም ማሸነፍህ። ውኃ ውስጥ ቼዝ የሚጫወት ሰው የለም አልኩህ። ፎጣህ የተበላሸ እንቁላል ይሸት ነበር፤ በበረኪና ሁለቴ አጠብኩት። አቶ ተክለን ለብቻቸው ብጠይቃቸው ያንተኑ ቃል ደገሙልኝ። ሁለት ሰው ቃል ሳይለውጥ አንድ ነገር ከተናገረ ተመካክሯል ብዬ ደመደምኩ። የሄዳችሁት ሌላ ቦታ ነው፣ ምናልባትም ሌላ ሴት ዘንድ ነው ብዬ ጠረጠርኩ። ያደግሁበትን አዳሪ ትምህርት ቤት ታውቀዋለህ፤ ያላዩትን አየሁ ማለት በማስመሪያ ያስመታ ነበር። ሆስፒታል ተኝተህ እንኳ «አልማዝ፣ አንድ ቀን ሂጂና እዪው» ስትለኝ፣ ስትድን እንነጋገራለን ብዬ ትራስህን አስተካከልኩ። አልዳንክም።

ስለዚህ ሄድኩ። ለመታጠብ ሳይሆን ለማጣራት።

ከመሬት የሚፈልቅ ውኃ ለእኔ ጠበል ነው፤ ጠበል ደግሞ በልተው አይገቡበትም። ከዋዜማው ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። ሰላም «እማዬ፣ ጠበል እኮ አይደለም፣ ሰው የሚዋኝበት ነው፤ ትንሽ ዳቦ ብዪ» ብላ ለመነችኝ። አልሰማኋትም። የልብስ ማስቀመጫውን ሣጥን ስላላመንኩት ቀለበቴን ከጣቴ ሳላወጣ፣ እጄን ጨብጬ ገባሁ።

ብዙም ሳልቆይ ዓይኔ ጨለመብኝና ተንገዳገድኩ። አንድ እርጥብ እጅ ክንዴን ያዘኝ። ቀለበቴን ሊወስድ ነው ብዬ በጥፊ መታሁት። ሰላም ደርሳ በእንግሊዝኛ ይቅርታ ትለምናለች፣ ሰውዬው ይስቃል። ደግፈው ደረጃው ላይ አስቀመጡኝ። ዓይኔ ሲገለጥ ሰውዬው ወደ ቦታው ተመለሰ። ቦታው የቼዝ ሰሌዳ ፊት ነበር። ከወዲያ ሌላ ሽማግሌ፣ ሁለቱም እስከ ደረታቸው ውኃ ውስጥ፣ እንፋሎቱ በመካከላቸው።

ሰላም «አመመሽ እንዴ?» አለችኝ። ያስለቀሰኝ የእንቁላሉ ሽታ ነው አልኳት። አላመነችኝም፤ የእኔው ልጅ ናት።

ታደሰ፣ በድዬሃለሁ። አንተ እውነቱን ይዘህ ስትሄድ እኔ ትራስ አስተካክል ነበር። ትናንት አቶ ተክለን የሕንጻችን ደረጃ ላይ አግኝቼ ይቅርታ ብጠይቃቸው፣ «ወይዘሮ አልማዝ፣ ሽማግሌዎቹ ቀድሜ ደውዬ እዚያ ያስቀመጥኳቸው ቢሆኑስ?» አሉኝ። ይህንንም እስከ ማታ አስቤበት ተውኩት።

የእኔን ፎጣ አላጠብኩትም። ወንበርህ ላይ አንጥፌዋለሁ፣ ሽታው እንዳለ ነው፤ የምታጸዳዋም ሴት እንዳትነካው ነግሬያታለሁ። ከእንግዲህ ስምህ በተነሣ ቁጥር እመሰክርልሃለሁ፤ ውኃውም፣ ሽማግሌዎቹም፣ ሰሌዳውም እውነት ናቸው። ማሸነፍህን ግን አላየሁም። ያ ሰውዬ ሲጫወት ደግሞ አይቼዋለሁ፤ ቀላል ሰው አይደለም። የማሸነፍህን ነገር ስንገናኝ ራስህ ታስረዳኛለህ።

ባለቤትህ አልማዝ