ከፒሬየስ በፊት ያለው ወደብ

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 5

መርከብ ላይ ነኝ። ለጋብቻችን አርባኛ ዓመት የባሌ የስታማቲስ ስጦታ... ከአቴንስ ወደብ ከፒሬየስ ተነስቶ ስድስት ቀን ዞሮ እዚያው ፒሬየስ። ወንድሙ አንዶኒስም አብሮን አለ። ለጋብቻ በዓል ወንድም ምን ያደርጋል? አልጠየቅኩም።

ክፍላችን መስኮት የለውም። «ባሕር ምን ያደርግልሻል? ለሁለታችንም የሚበቃ አይቻለሁ» አለኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት የጭነት መርከብ መካኒክ ነበር፤ አይቷል፣ አልዋሸም። አልጋው ራስጌ መጋረጃ ተሰቅሏል። ገለጥኩት። ግድግዳ ነው።

የሁለታችንንም የመርከብ ካርድ አንገቱ ላይ አንጠለጠለ። መታወቂያዎቻችንን ካዝና ውስጥ ቆለፈ። «አንቺ ትጥያለሽ።» ምን ጥዬ አውቃለሁ? አንድ ጃንጥላ። እሱም ተገኝቷል።

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 6

ሲሮስ ደሴት ወረድን፣ ሎኩም የሚሉትን ጣፋጭ ገዛን፣ ተመለስን። ቶሎ በይ፣ ቶሎ በይ...

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 7

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ነው ነገሩ።

እራት ላይ አንዶኒስ ሁለተኛ ብርጭቆውን ጨረሰና «እንግዲህ ሙሽሪት» አለኝ። አርባ ዓመት ሙሉ ሙሽሪት ነው የሚለኝ። «ማክሰኞ ፊርማሽን ጣል ካደረግሽልን ጀልባዋን በስምሽ ነው የምንጠራት።»

የምን ፊርማ? የምን ጀልባ? ስታማቲስ በጠረጴዛው ሥር ሊረግጠው ሲል እኔን ረገጠኝ።

«ለካሊምኖሱ ቤት ገዢ ተገኝቷል» አለ ዓሣውን እየፈለፈለ። «ማክሰኞ አምስት ሰዓት ውል አዋዋዩ ጋ ነን። ልነግርሽ ነበር።»

«መቼ?»

«ፒሬየስ ስንደርስ። ሴቫስቲም ተስማምታለች።»

የእናቴ ቤት። የእኔ ቤት። በእኛ ደሴት ቤት ከእናት ወደ መጀመሪያ ሴት ልጅ ነው የሚያልፈው። ከአያቴ ለእናቴ፣ ከእናቴ ለእኔ፤ ወንድሞቼ ጀልባ ወሰዱ፣ እኔ ቤት። ነገ ደግሞ በእናቴ ስም ለጠራኋት ልጄ ለሴቫስቲ። ባል ነው ወደ ሚስቱ ቤት የሚገባው። ስታማቲስ የፒሬየስ ልጅ ነው፤ ይሄ ነገር ሲያስቀው ኖረ። አሁን ጡረታ ወጣ፣ መሬቱ ጠበበው፣ ጀልባ አማረው... የኔ ቤት ተሸጦ።

እራቴን ቀጠልኩ። ጣፋጩን እንኳ ጨርሼ በላሁ። ለምን በላሁት?

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 8

መታጠቢያ ቤት ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው። ውኃውን ከፍቼዋለሁ፣ ገላዋን ትታጠባለች ይበል።

እምቢ ብትይስ? ማንም ሰው እንደዚያ ይለኛል። ራሴን አውቃለሁ። የአባቴን የበለስ ማሳ ሲያሸጡኝም እምቢ ልል ነበር። እዚያው ውል አዋዋይ ቤት፣ ብርቱካን ጭማቂ አስያዙኝ፣ አንዱ ሲያስረዳኝ ሌላው ብዕሩን በጣቶቼ መሃል ከተተው። ፈረምኩ። ጭማቂውን እንኳ አልጨረስኩም ነበር። ነገ መርከቡ ካሊምኖስ ይቆማል፣ ማክሰኞ ፒሬየስ ነው። ከዚህ መርከብ ከወንድማማቾቹ ጋር ከወረድኩ ያለቀለት ነው።

ሮዶስ ላይ መጸዳጃ ቤት ብዬ ለሴቫስቲ ደወልኩ።

«ተስማምተሻል እንዴ?»

«እኔ? አባባ እኮ አንቺ ተስማምተሻል ነው ያለኝ!»

አንድ ውሸት፣ ለሁለት ሴት። ቆጣቢ ነው ባሌ።

«እማ... ልጆቼን ዋና ያስተማርኳቸው እዚያ ነው» አለች። ከዚያ ዝም። ልጄም እንደኔ ዝም ማለት ታውቃለች። ከማን ተማረችው?

ከሰዓት እሱ ሲተኛ እንግዳ መቀበያው ጋ ሄድኩ። ፎቲኒ የምትባል ልጅ አለች።

«ነገ ካሊምኖስ መውረድ ፈልጌ ነው። ላልመለስ።»

«ጉዞው ግን ማክሰኞ ነው የሚያልቀው፣ እናቴ። አመመዎት?»

«አላመመኝም።»

«ሁለታችሁም ናችሁ?»

«እኔ ብቻ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ አስረዳችኝ። የወደቡ ሹሞች አስቀድመው ማወቅ አለባቸው፤ የፈቃዱ ወረቀት ዛሬውኑ በክፍሌ በር ሥር ይገባል፤ ነገ እሱን፣ መታወቂያዬንና ካርዴን ይዤ መምጣት ነው። በበር ሥር... ቆሌዬ ተገፈፈ። እሷ ግን መጻፍ ጀምራለች።

እራት ልንወጣ ስንል ወረቀቱ ሸርተት ብሎ ገባ። እሱ አነሳው። መነጽሩን አላደረገም። አርባ ዓመት ያነበብኩለት እኔ ነኝ፤ ደብዳቤውን፣ የመድኃኒቱን ወረቀት፣ የመብራት ቢሉን። እንደ ልማዱ ለእኔ ዘረጋልኝ።

«ምን ይላል?»

«የነገ ምሳ ነው።»

«ምን አለ?»

«ኦክቶፐስ።»

«ጥሩ» አለ።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 9

ካሊምኖስ። 

ከመጣን ጀምሮ ሞተሩን አሳዩኝ እያለ ሲለምን ነበር። ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ፈቀዱለት። እታች አንገት ላይ የሚንጠለጠል ነገር ክልክል ነው። ካርዶቹን አውልቆ አልጋው ላይ ጣላቸው። «ጠብቂያቸው» ብሎኝ እንደ ልጅ እየሮጠ ወጣ። አሳዘነኝ። እውነቱን ነው የምጽፈው፣ አሳዘነኝ።

ከዚያ ካዝናው። አራት ቁጥር። የተጋባንበትን ዓመት ነካሁ። ቀይ። ሴቫስቲ የተወለደችበትን። ቀይ። ሦስተኛው ከተሳሳተ ይዘጋል ተብሎ ተጽፏል። አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። ይሄ ሰው የማይረሳው ዓመት የትኛው ነው? የእግር ኳስ ቡድኑ የተመሠረተበትን ዓመት ነካሁ።

ተከፈተ። ልቀየም ወይስ ልሳቅ?

መድኃኒቱን እስከ ቅዳሜ ቀን በቀን ደርድሬ ከሥሩ ወረቀት አኖርኩ፤ በትልልቅ ፊደል፣ ያለ መነጽር እንዲያነበው። «ቤቴ ነኝ። አልፈርምም።» ሻንጣዬን ተውኩት። የባሕር ዳር ቦርሳዬን ብቻ ይዤ ወጣሁ። ፎቲኒ ካርዴን ተቀበለችኝና «በሰላም ይግቡ» አለች። ወጣሁ ሳይሆን ገባሁ ማለት ነው?

ሰባት ሰዓት ላይ ደወለ።

«የት ነሽ? ኦክቶፐስ የለም ይላሉ እኮ።»

«ወረቀቱን አላየኸውም?»

ሲያነብ ሰማሁት። ትንፋሹን። ከዚያ ጩኸቱን። በመጨረሻ «ቴሚሊና፣ አስራ አንድ ሰዓት ይነሳል። መርከብ ሰው አይጠብቅም» አለ።

«አውቃለሁ። ሰው ነው መርከብ የሚጠብቀው። ሠላሳ አንድ ዓመት ጠብቄያለሁ።»

ጎረቤቴ ካሊዮፒ ቤቱን አናፍሳዋለች። ቁልፉ ከውጭ በሩ ላይ ተሰክቷል፣ እንደ ሰፈሩ ሁሉ። ስታማቲስ ለእረፍት በመጣን ቁጥር «የሌባ መጋበዣ» እያለ ነቅሎ ኪሱ ይከተው ነበር። ቁልፉን በፈለግን ጊዜ እሱን መፈለግ ነበረብን።

መርከቡ ሲነሳ ከሰገነቱ አየሁት። ስንት መስኮት አለው ለካ።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 10

አምስት ሰዓት ሆነ። ስልኩ ጮኸ፣ ጮኸ... አላነሳሁም። ስድስት ሆነ።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 12

ካሊዮፒ ቲማቲም ይዛ መጣች።

«ባልሽስ፣ ልጄ?»

«ፒሬየስ።»

«እንደ ድሮው በይኛ። የተለመደ ነው።»

ሳቅኩ። ስትሄድ አለቀስኩ። መድኃኒቱን እየወሰደ ይሆን? ሴቫስቲ «ዝም ብሎ ይቀመጣል። አንዶኒስ መጥቶ ጮኸበት፣ እሱ ዝም አለ» አለችኝ። ዝምታ እሱም ቤት ገባ እንግዲህ።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 14

የእኛ የግሪኮቹ የመስቀል በዓል። ቤተ ክርስቲያን ስሜ የተባረከ በሶብላ ይዤ ተመለስኩ፣ መስኮቱ ላይ በውኃ አስቀመጥኩት። እናቴ «በመስቀል ጀልባህን እሰር» ትል ነበር፤ ባሕሩ ከዚህ ቀን በኋላ አይታመንም፣ ከባሕር ሥር ስፖንጅ የሚያወጡት ጠላቂዎችም ይመለሳሉ። እኛ ልጆቹ ወደቡን እያየን አባት እንቆጥር ነበር።

የጠዋቱ መርከብ መግባቱን ሰማሁ። አልወጣሁም። የገብስ ደረቅ ዳቦ በውኃ እያራስኩ ነበር።

ከዚያ ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ። አውቀዋለሁ፣ ግራ እግሩን ይጎትታል። በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁት። የእኔን ሻንጣ ተሸክሟል፣ የእሱን አላመጣም። ሸሚዙን ማንም አልተኮሰለትም። በሩ ጋ ደርሶ ቆመ። ቁልፉ ፊቱ ነው፣ እዚያው እንደተሰካ። እጁን ወደ ቁልፉ ሰደደ... መለሰው።

አንኳኳ።

በአርባ ዓመት የኔን በር አንኳኩቶ አያውቅም። ዳቦውን ሳህን ላይ አደረግኩ። እጄን አደረቅኩ። ፀጉሬን ነካ ነካ አደረግኩ።

ትንሽ አስጠበቅኩት።