ስለ ሙሽራ እናቶች ፓኬጅ፣ ለብሩህ ገጽ ክሊኒክ ባለቤት

ለተከበሩ ዶክተር ናምጉንግ
የብሩህ ገጽ የቆዳ ክሊኒክ ባለቤትና ዋና ሐኪም
ጂንጁ

ክቡርነትዎ እንዴት ሰነበቱ? ቤተሰብዎስ? የፊትዎ ቆዳስ ደኅና ነው? የመጨረሻውን የጠየቅሁት ለወጉ ያህል አይደለም። እኛ የናምሄ ደሴት ሰዎች እርስዎን የምናውቅዎት ወደ ከተማ በሚመላለሰው አውቶቡስ ጀርባ ላይ በተለጠፈው ፎቶግራፍዎ ስለሆነ፣ እንደ ታጠበ ሳህን የሚያበራው ግንባርዎ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ማወቅ ያሳስበናል።

በጠበቃዎ በኩል የላኩልኝ ባለ ሁለት ገጽ ደብዳቤ ደርሶኛል። በክሊኒክዎ የእንግዳ መቀበያ ክፍል ያለ ቀጠሮ እየተቀመጥኩ ሥራ ማወኬን እንዳቆም ያሳስበኛል። ፊቴን ለማየት አንድ ደቂቃ ያጡ ሐኪም ሁለት ገጽ ለማስጻፍ ጊዜ ማግኘታቸው እጅግ አኩርቶኛል። መልሴን በወረዳችን ጋዜጣ ላይ ያወጣሁት፣ አብረውዎት እንዲያነቡት የምፈልጋቸው ሴቶች ስላሉ ነው። ስለ ድፍረቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ፒዮ ጊልሱን እባላለሁ፤ ስድሳ ዓመቴ ነው። ጣት የማታክል ዓሣ ቀቅዬ ፀሐይ ላይ በማስጣት ሠላሳ አራት ዓመት ኖሬአለሁ። የፊቴ ማድያትም ጥቁረትም ከዚያው ሥራ የመጣ ነው። ሴርዮንግ የምትባል አንዲት ልጅ አለችኝ፤ እዚያው ጂንጁ የከተማው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ትሠራለች። በሰኔ ወር የእጮኛዋ ቤተሰብና እኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ተገናኝተን ምሳ ልንበላ ተቀጣጥረን ሳለ፣ እሷ አሥር ቀን ቀደም ብላ አንድ ያሸበረቀ ካርድ ይዛልኝ መጣች። «የሙሽራ እናቶች ፓኬጅ» ይላል። በብርሃን ማድያት ማጥፋት፣ በሬዲዮ ሞገድ የላላ ቆዳ ማጥበቅ።

«ስጦታ ነው እማዬ። ለእነሱ ብለሽ ሳይሆን ለራስሽ ብለሽ ሂጂ» አለችኝ።

«ለራሴማ ከሆነ ጉልበቴን ብታሳክሚኝ ይሻለኝ ነበር» አልኳት።

አቀርቅራ ካርዱን እጄ ውስጥ አስቀመጠችው። ልጄ በፊቴ መልክ እንደምታፍር የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ይህ የእርስዎ ጥፋት ስላልሆነ ከቅሬታዎቼ ውስጥ አልቆጠርኩትም። የእርስዎ የሆኑት እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፦ ክሊኒክዎ ስደርስ ነጭ ጋዋን የለበሰች ወይዘሪት ሶል የምትባል ልጅ ተቀበለችኝ። ዶክተሩ የት እንዳሉ ብጠይቃት፣ «ኦፕሬሽን ላይ ናቸው እናትዬ፤ አይጨነቁ፣ እኔም እዚህ ሥራ ላይ ሰባት ዓመት ቆይቻለሁ» አለችኝ። ሰባቱን ዓመት የቆየችው ቅባት መሸጫ ሱቅ ውስጥ መሆኑን የሰማሁት በኋላ ነው። ከመተኛቴ በፊት፣ «ትናንት ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ነበርኩ፣ ነገም እሆናለሁ፤ ችግር አለው?» ብዬ በግልጽ ጠይቄያታለሁ። «ኧረ ምንም የለውም! እንዲያውም ለእርስዎ ዓይነቱ ፊት ነው የተሠራው» አለችኝ። ከወር በኋላ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ እንዳስረዳኝ ከሆነ፣ ያ ብርሃን ቆዳ ውስጥ ጥቁር ነገር ፈልጎ የሚያሞቅ ስለሆነ፣ ፀሐይ ያጠቆረው ፊት ላይ ሲያርፍ ማድያቱን ከፊቱ መለየት አይችልም፤ ሁሉንም ያቃጥላል። ይህን ለመረዳት እኔ ዓሣ አድራቂዋ አራት ደቂቃ ፈጅቶብኛል። በእርስዎ ቤት ግን ለማወቅ ጊዜ ያገኘ ሰው አልነበረም።

ሁለተኛ፦ ብርሃኑ ሲያልቅ ተራው የሬዲዮ ሞገዱ ሆነ። እኔ ሬዲዮ የማውቀው ለጀልባዎች ስለ ማዕበል ሲናገር ነው፤ ጉንጬ ላይ ገብቶ ምን እንደሚያወራ አላውቅም ነበር። «ያቃጥላል» አልኳት። «ሲያቃጥል ነው የሚሠራው እናትዬ፤ ኮላጅን እየነቃ ነው» አለችኝ። «በጣም ነው የሚያቃጥለው» አልኳት ደግሜ። «በጣም እየነቃ ነዋ» አለችኝ። ኮላጅን የተባለውን አላውቀውም፤ ግን በዚያ ዓይነት የቀሰቀሱት ፍጡር ሁሉ በሩን በርግዶ እንደሚሮጥ እገምታለሁ። እኔ ያልሮጥኩት ዓይኔ በጨርቅ ተሸፍኖ ስለነበር ነው።

ሦስተኛ፦ ቤቴ ገብቼ መስታወት ሳይ፣ በቀኝ ጉንጬ ሰባት በግራው አምስት ቀያይ አራት ማዕዘኖች፣ ልክ እንደ ኮንዶሚኒየም መስኮት ተደርድረዋል። በሦስተኛው ቀን ውሃ ቋጠሩ። ስልክ ብደውል ወይዘሪት ሶል፣ «ፀሐይ ላይ ወጥተዋል እንዴ?» አለችኝ። «ነገም ፀሐይ ላይ እሆናለሁ ብዬሽ ነበር እኮ» አልኳት። «እንግዲያውስ ጥፋቱ የራስዎ ነው እናትዬ» ብላ ዘጋችው። ክቡር ዶክተር፣ የጥፋት ድርሻዬን ሳልሰስት እቀበላለሁ፦ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ሐኪም ይመስለኝ ነበር።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ከዚህ በኋላ ያለው ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና ነው።

የምሳው ቀን ሲደርስ ልጄ «ቢራዘምስ እማዬ?» አለች። ፊቴ ይኸው ነው፣ እሄዳለሁ አልኳትና ሄድን። የሙሽራው እናት ወይዘሮ ታክ ኦክሂ፣ በዚያ ሙቀት አንገቷን እስከ አገጯ በሻርፕ ጠምጥማ ገባች። ሰላምታ ተለዋወጥን፤ ገንፎው ቀረበ። እሷ አፏን በደንብ መክፈት አቅቷት ማንኪያውን በጎን ነበር የምታስገባው። ብዙ ጊዜ ጉንጬን ካየች በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እትዬ ጊልሱን፣ የት ነው የተሠሩት?» አለችኝ።

«ብሩህ ገጽ» አልኳት።

ማንኪያውን አስቀምጣ ሻርፑን ፈታችው። ከመንጋጋዋ ሥር በግራና በቀኝ ተቃጥላለች። «እኔም እዚያው ነኝ። ልጄ ነው ካርዱን ያመጣልኝ፤ የሙሽራው እናት አርጅታለች እንዳትሉ ብሎ» አለችኝ።

«የእኔዋ ደግሞ ጠቁራለች እንዳትሉ ብላ ነው» አልኳት።

ሁለቱ ልጆቻችን ሳህናቸውን እያዩ ነበር። እኛ ግን ሳቃችን መጣ፤ እኔ ስስቅ ጉንጬ ይሰነጠቃል፣ እሷ ስትስቅ መንጋጋዋን ትይዛለች፤ ማቆም ግን አልቻልንም። በዓመት የማይገኝ መቀራረብ በአንድ ሳህን ገንፎ ስላስገኙልን ሁለቱም ቤተሰቦች ያመሰግኑዎታል።

እንግዲህ ሥራ ማወክ ያሉት ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ሁለታችንም ፊታችንን ታጥበን፣ የፊት ፓውደርም ሻርፕም ሳናደርግ፣ ክሊኒክዎ መጥተን ተቀመጥን። አልጮኽንም፤ ማንንም አልሰደብንም። የእንግዳ መቀበያዋ ጸሐፊ፣ «ቀጠሮ አላችሁ?» ብትለን፣ ወይዘሮ ኦክሂ «ዶክተሩ እስኪያዩን እንጠብቃለን» ብላ በትሕትና መለሰችላት። ከጎናችን የተቀመጠች ሴት «እዚህ ነው እንዴ እንዲህ የሆናችሁት?» ስትለን አዎ አልናት። ሌላዋም ጠየቀች፤ አዎ አልናት። እስከ ምሳ ሰዓት ተራ ይጠብቁ ከነበሩት ዘጠኝ ሴቶች አምስቱ ቦርሳቸውን አንሥተው ወጡ። በሦስተኛው ማክሰኞ እርስዎ ራስዎ ብቅ አሉ። በሩ ላይ እንደቆሙ፣ ከአራት እርምጃ ርቀት «ይጠፋል፣ ታገሡ» ብለውን ተመልሰው ገቡ። ከአራት እርምጃ ቆዳ የሚመረምር ሐኪም በዕድሜዬ አይቼ አላውቅምና አድናቆቴን እዚያው መግለጽ ነበረብኝ።

አልጠፋም። ሌላ ሐኪም፣ ወንበሩን አስጠግቶ በማጉያ መነጽር ካየኝ በኋላ፣ የግራው እየደበዘዘ እንደሚሄድ፣ የቀኝ ጉንጬ መስኮቶች ግን ነጭ ሆነው እንደሚቀሩ ነግሮኛል። ለነገረኝም እውነት አመሰገንኩት።

ጤና ጽሕፈት ቤቱ መጥቶ ማሽኖቹን ከሐኪም በቀር ማንም እንዳይነካቸው ማዘዙን ሰምቻለሁ። ወይዘሪት ሶልን ማባረርዎንም ሰምቻለሁ። ፈጣን ፍርድ ነው። ሆኖም ያን ጋዋን ልጅቷ ከቤቷ ለብሳው የመጣች አይመስለኝም። ያለበሳት ሰው ዛሬም በአውቶቡሱ ጀርባ ላይ ፈገግ እንዳለ ነው።

ስለ ልጄ ከጠየቁኝ፣ ከምሳው በኋላ መኪና ውስጥ «ይቅርታ እማዬ» አለችኝ። «ስለ ቃጠሎው ነው?» አልኳት። «ስለሱ አይደለም» አለችኝ። አሁን እሑድ እሑድ እየመጣች ከእኔ ጋር ዓሣ ታሰጣለች፤ ኮፍያ አድርጊ ብላት እንቢ ትላለች፣ እቆጣታለሁ፣ አትሰማኝም።

ክቡር ሆይ፣ ከእርስዎ የምፈልገው ካሣ አይደለም። ማንኛዋም ሴት እዚያ አልጋ ላይ ከመተኛቷ በፊት እርስዎ ራስዎ ከፊቷ ተቀምጠው፣ የት እንደዋለችና ምን እንደምትሠራ ጠይቀው፣ መልሷን እንዲሰሙ ነው። ከባድ ጥያቄ መሆኑን አውቃለሁ። ይህን እስኪያደርጉ ድረስ ወይዘሮ ኦክሂና እኔ ማክሰኞ ማክሰኞ እንመጣለን፤ ወንበሮችዎ በጣም ምቹ ናቸው።

ለሕክምና ሙያ ያለኝ አክብሮት እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ለእርስዎ የሚገባውን ልክ ገና እየፈለግሁ፣

የዘወትር ታዛዥዎ
ፒዮ ጊልሱን፣ ከናምሄ ደሴት

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ልጨርስ ስል ከክሊኒክዎ በስልኬ መልእክት ገባልኝ፦ «ውድ ደንበኛችን ጊልሱን፣ ቆዳዎ ናፍቆናል» ይላል። እባክዎ ለላኪው ይንገሩልኝ፤ የናፈቃችሁ ቆዳ እኔ ጋ የለም። የማሽኑን ጫፍ እስካሁን ካልወለወላችሁት እዚያው ታገኙታላችሁ።