ፔዳል የምትረግጠው ቀኝ እግሬ

ሰኞ፣ አሶሳ

አላስቆርጥም ብያለሁ፤ እግሬን ማንም አይነካትም። ለነገሩ ዶክተሩ ስለ መቁረጥ ቃል አልወጣውም፤ እኔው ነኝ ቀድሜ የተቆጣሁት። እሱ ያለው ከቀኝ ጉልበቴ ጀርባ ያለው ደም ሥር ጠቧል፣ ደሙ ወደ ታች በደንብ አይወርድም፣ የአውራ ጣቴ ቁስል አልድን ያለውም ለዚህ ነው። ሳይብስ አዲስ አበባ ይሂዱ አለኝ። ስኳሩ ነው ጉድ የሠራኝ።

ለካ ከቤት ሱቄ እስክደርስ ባቴን ጨምድዶ የሚያቆመኝ ይኸው ኖሯል። ሰው እንዳያውቅብኝ በየሱቁ በር ቆሜ ዕቃ የማይ እመስላለሁ። ገበያተኛው አይታ የማትጠግብ ሳይለኝ አይቀርም።

ማክሰኞ፣ አዲስ አበባ

ሐሊማ አብራኝ መጣች። ከሱቄ አጠገብ፣ ከሱዳን ድንበር ከኩርሙክ የሚመጣ ጨርቅ የምትሸጥ የበርታ ልጅ ናት፤ እሷ ትሸጣለች፣ እኔ እሰፋለሁ።

ሐኪሙ ሁለት መንገድ አለ አለ። አንዱ ስቴንት፤ መድኃኒት ያለው የሽቦ ቱቦ፣ ደም ሥሩን ደግፎ እዚያው ይቀራል። ሌላው መድኃኒት የተቀባ ባሉን፤ ተነፍቶ ያሰፋና መድኃኒቱን ትቶ ይወጣል፣ ብረት አያስቀርም። በእኔ ቋንቋ አንዱ ኮሌታ ውስጥ የሚገባው ጠንካራ ጨርቅ፣ ሌላው ካውያ። እሱ ወደ ስቴንቱ አዘነበለ። ሥራዬን ጠየቀኝ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ አልኩት። የእጅ ሥራ ነው ብሎ አለፈው፤ እኔም ወረቀቴን ይዤ ወጣሁ።

ታክሲ ስንጠብቅ ሐሊማ፣ "እጅ ብቻ ነው እንዴ የሚሰፋው? እግር ቁጭ ብሎ ያያል? አንተ ነገ ሄደህ ንገረው" አለችኝ። በእሷ አማርኛ ሴቱም ወንዱም አንተ ነው።

ረቡዕ

ነገርኩት። ቀኑን ሙሉ ፔዳል እረግጣለሁ፣ ጨርቅ የምቆርጠውም መሬት ላይ ተንበርክኬ ነው አልኩ። ከጠረጴዛው ሥር እግሬን እያንቀሳቀስኩ አሳየሁት። የስፌት መኪናዎ ላይ ሞተር ይግጠሙበት አለኝ። መብራቱንስ አብረህ ትልክልኛለህ ወይ ብዬ አሳቅኩት።

ከዚያ የደም ሥሬን ፎቶ መልሶ አየ። ጉልበት እንዲህ ሲታጠፍ ሲዘረጋ ከዋለ እዚያ ቦታ ያለ ስቴንት ሊሰበር ይችላል፣ በባሉኑ ብንጀምር ይሻላል አለ። "ግን ቃል አልገባልዎትም። ደም ሥሩ እዚያው መልሶ ከተዘጋ ስቴንት አስገባለሁ። ይስማማሉ?"

እግሬን ከማጣ የስፌት መኪናዬን ባጣ ይሻለኛል። ተስማማሁ። ፈርቻለሁ ግን። ስቴንት ገብቶባት መንበርከክ የማይሆንላት ሰፊ ምን ትሠራለች? ቁልፍ ስትተክል ልትውል ነው።

ሐሙስ

ነቅቼ ነበር። በብሽሽቴ ገቡ፤ ብዙም አላመመኝም። ባሉኑ ሲነፋ ግን እግሬ ተወጠረ፤ ጥርሴን ነከስኩ። ካወጡት በኋላ ሐኪሙ ትንሽ እንጠብቅ አለ፤ ደም ሥሩ እንደተከፈተ ይቆይ እንደሆነ ሊያይ ነው። ስክሪኑን አየሁ፣ አልገባኝም፤ ፊቱን አየሁ፣ በጭንብል ተሸፍኗል። የማውቀውን ዱዓ ሁሉ ደባለቅሁት።

በመጨረሻ ነርሷን፣ "ስቴንቱን ከነማሸጊያው መልሺው" አላት።

አለቀስኩ። ያመመኝ መስሏቸው ደነገጡ።

ዓርብ

ቀዝቅዛ የከረመችው እግሬ ሞቃለች። ሐሊማ ዳስሳ፣ ሁለቱም አንድ ሆኑ አለች።

ሐኪሙ አስጠነቀቀኝ። መጥበቡ ሊመለስ ይችላል፤ ኪኒኑን እንዳላቋርጥ፣ ስኳሬን እንድጠብቅ፣ እየተመላለስኩ እንድታይ። ቁስሉም ገና ነው። እሺ ብያለሁ፤ በዚህስ አልቀልድም። ይመለስ እንደሆነ እሱም አያውቅ፣ እኔም አላውቅ።

ከሆስፒታሉ ግቢ ወጥተን ቀስ እያልን በእግራችን ሄድን። አሁን ይይዘኛል፣ አሁን ይይዘኛል እያልኩ ባቴን ጠበቅኩት። አልያዘኝም። አንድ ጨርቅ ቤት በር ላይ ስቆም ሐሊማ ደንግጣ ክንዴን ያዘች።

"አመመህ?"

"የለም፣ ጨርቁን እያየሁ ነው" አልኳት። እውነቴን ነበር።