በአንድ ምሰሶ ላይ ስለተሰቀሉት ሁለት ሽቦዎች

ሰኔ ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፩ ዓ.ም.። ኮሶዬ ላይ አንድ የስልክ ምሰሶ ወደቀ።

ለተከበሩ የደጋው ስልክ መስመር ሹም፤ ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ አራዳ ያለው ወንበርዎም እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከሚስቴ ከሽታዬ ሞት በቀር ደኅና ነኝ።

፩ኛ፤ አስቀድሜ ስለ ሁለተኛው ሽቦ አመሰግናለሁ። አንዱ ቢበጠስ ሌላው ያደርሳል ብለው መርቀው ሲከፍቱልን፣ ሁለቱም የተሰቀሉት በዚያው በአሮጌው ምሰሶ ላይ ስለ ነበር፣ ጎረቤቴ አያ ዳኛው ምሰሶው ቢወድቅስ ብለው ጠይቀዎት ነበር። እርስዎም ትከሻቸውን መታ መታ አድርገው፣ "ሁለት መስመር ባንድ ቀን አይበላሽም፣ አያ" አሏቸው። እኛም አጨበጨብን።

፪ኛ፤ ስልክ ከመምጣቱ በፊት፣ ሰው በታመመ ጊዜ መልእክተኛ የሚጋልባት በቅሎ በየቤቱ በተራ ታስራ ትውል ነበር፤ ባለ ተራው ገበያ ቢኖርበት እንኳ አይነካትም። ሁለት ሽቦ ተዘርግቶ ሳለ በቅሎ አስሮ መዋል ሥልጣኔን መናቅ ነው ብለው ስላስተማሩን ተራውን አፈረስን፤ ስለ ትምህርቱ እጅ እንነሣለን። ሽታዬን ምጥ በያዛት ቀን የመንደሩ በቅሎዎች በሙሉ የዘር እህል ሊጭኑ ቆላ ድባ ወርደው ነበር።

ስልኩ ያለው በወይዘሮ እንኳየሁ ምግብ ቤት ነው። የሐኪም ቤቱን ማኪና ለመጥራት እሳቸው እጀታውን ደጋግመው አዞሩት፤ አንደኛው መስመር ዝም አለ። ወደ ሁለተኛው ቢሞክሩ እሱም ዝም። "ምነው፣ ሁለቱም ተማክረው አኮረፉ?" አሉ። በቃሬዛ ተሸክመናት ወደ ሐኪም ቤቱ ወረድን። ወለቃ ሳንደርስ ሞተች፤ ልጁም ሆዷ ውስጥ ቀረ።

፫ኛ፤ ከቀብሩ በኋላ ሁለተኛው ሽቦ የራሱ ምሰሶ እንዲቆምለት፣ ለእኛም የበቅሎው ተራ እንዲመለስልን ልለምን ጽሕፈት ቤትዎ መጥቼ ነበር። ጸሐፊዎ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። በዚያ ቀን ብልሽት ነበር የሚል ወሬ እንዳልደረሰው በትሕትና ካስረዳኝ በኋላ፣ "በስልክ ካልነገራችሁን መስመሩ አልተበላሸም ማለት ነው" አለኝ። ቀጥሎም አቤቱታዬ ላይ የምለጥፈው ቴምብር ገዝቼ እንድመለስ አዘዘኝ። ገዝቼ ተመለስኩ። ቴምብሩን ሳልለጥፈው ጠረጴዛው ላይ ትቼው ወጣሁ።

ቃልዎን አምኖ በቅሎውን የፈታ፣ ሚስቱን የቀበረ፣ ዛሬም ስምዎን በአክብሮት የሚጠራ፤

አላምረው ወልደኢየሱስ፣ ከኮሶዬ

ማስታወሻ፤ ትናንት ሠራተኞችዎ አዲስ ምሰሶ አቁመው ሁለቱንም ሽቦዎች እሱው ላይ ሰቅለዋል። ለሦስተኛው የሚሆን ቦታ እንደተዉለትም በደስታ ነግረውናል።