የዛሬው ሦስት ነው

ሰኞ፣ ጥር 6

ደም ተቀዳሁ። ነርሷ ደም ስሬን አጣችው። ግራ ክንዴን ሁለቴ፣ ቀኙን አንዴ ወጋች። "የት ደበቁት ጋሼ?" አለች። መደበቅ አይደል የተማርነው...

የምርምር ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ ተበላሽቷል። ደረጃ መውጣት ያቃታቸው የቀድሞ ወታደሮች የሚጠኑበት ቦታ ሦስተኛ ፎቅ! ማን ይሆን ያሰበው? አሥራ አንዳችንም በየእርከኑ እየተቀመጥን ወጣን። ታንክን ሁለተኛው ፎቅ ላይ እንቅልፍ ጣለው። (ታንክ የምንለው አርባ ስምንት ኪሎ ስለሆነ ነው።)

ቁጥር ያለበት ካርድ ሰጡን፤ ስም አይጻፍም። ሻለቃ የራሱን አራት ቁጥር ደረቱ ላይ እንደ ሜዳሊያ ሰካው።

አጥኚዋ ወጣት ናት። ስሟን ነግራን ነበር፣ ረሳሁት። "ልጅቷ" ልበላት። የሰው አካል በሽታን እንዴት እንደሚከላከል፣ የእኛ ደግሞ የት ላይ እንደተበላሸ የሚያሳይ ሞዴል በኮምፒውተር እየሠራች ነው። በየሰኞው ደም ትወስዳለች። እኛ ደግሞ በየጠዋቱ ቅጽ እንሞላለን። ድካም፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ መርሳት... ከዜሮ እስከ አሥር። "እያንዳንዳችሁ በየቤታችሁ፣ ብቻችሁን" አለች። ሦስት ጊዜ ደገመችው።

ሃያ ዓመት "ምንም የለባችሁም" ስንባል ኖርን። የሠራዊቱ የሕክምና ቦርድ የኔ ፋይል ላይ "ጤነኛ፤ ብዙ ያስባል" ብሎ ጽፏል። ይቺ ልጅ የሆነ ነገር ካገኘች ግን በወረቀት ታሰፍረዋለች። መታመማችን የተጻፈበት አንድ ወረቀት... ሌላ ምን እንፈልጋለን?

ማክሰኞ፣ ጥር 7

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስልክ። ሻለቃ። የድሮ አዛዣችን። ዛሬም አዛዣችን።

"ሬዲዮ!" በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። የሬዲዮ ሠራተኛው ነበርኩ፤ ሬዲዮ ሆኜ ቀረሁ።

"አቤት ሻለቃ።"

"የዛሬው ሦስት ነው። ለሁሉም አስተላልፍ።"

"ምኑ ነው ሦስት?"

"ቅጹ ነዋ! ድካሙም ሦስት፣ ሕመሙም ሦስት።"

"ልጅቷ ብቻችሁን ሙሉ ብላ የለ..."

"ስማ። ዜሮ ካልን ጤነኞች ናችሁ ብለው ይሸኙናል። አሥር ካልን አልቃሾች ይሉናል። አንዱ ሁለት፣ አንዱ ዘጠኝ ቢል ደግሞ ምን ዓይነት ጦር ነው? አንድ ክፍል፣ አንድ ሪፖርት!"

ዘጠኝ ሰው ጋ ደወልኩ። "ተቀብያለሁ"፣ "ተቀብያለሁ"... ለምን ያለ የለም። ወጥቤት ብቻ፣ የጦሩ አብሳይ የነበረው፣ "ዛሬስ ከአልጋ መነሳትም አቅቶኛል" ብሎ ጀመረና "እሺ፣ ሦስት" አለ።

የኔ እውነተኛው ስንት ነበር? እንጃ። ስድስት? ሦስት ብዬ ሞላሁ።

ሐሙስ፣ ጥር 9

"አራት።" ምክንያቱ አልተነገረም። አስተላለፍኩ።

ባለቤቴ ከኋላዬ ቆማ ስትሰማ ነበር። "ሕመም በትዕዛዝ! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አሉ።" ወገቧን ያዘችና "እስቲ ለኔም ጠይቅልኝ፤ የወገቤን ስንት ልበል?"

ሰኞ፣ ጥር 13

ልጅቷ ሞዴሉን አሳየችን። ስክሪኑ ላይ ክብና ቀስት፣ ቀስትና ክብ... የተደፋ ፓስታ። ለማንም አልገባም፤ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ነገሩ ገባት መሰለኝ፣ ወንበሮቹን ገፋ ገፋ አድርጋ እኛኑ ሞዴል አደረገችን። ታንክ ቫይረስ። ወጥቤትና ሌሎች አራት፣ ነጭ የደም ሴል። እኔ መልእክት አድራሽ (ዕጣዬ ነው እንግዲህ)። ሻለቃ "በቃ፣ አቁሙ" የሚለው ሴል። ከቀሩት ሦስቱ ሁለቱ ጉልበትና ጡንቻ ሆነው ተቀመጡ። አንዱን ምን እንዳደረገችው ረሳሁ።

ቫይረሱ በበሩ ገባ። ጮህኩ። አምስቱ ሴሎች ታንክን ጥግ አስያዙት። ወጥቤት የምር ጠለዘው።

"ቫይረሱ ሞቷል" አለች ልጅቷ። ታንክ ደስ ብሎት ወለሉ ላይ ተዘረጋ። "እናንተ ውስጥ ግን 'አቁሙ' የሚለው ትዕዛዝ የሚደርስ አይመስለኝም። ሴሎቹ ይቀጥላሉ። ጠላት ሲያጡ የራሳቸውን ቤት ይመታሉ።"

ሻለቃ ፊቱ ተለዋወጠ። "ያለ ትዕዛዝ ነው የሚተኩሱት?"

"አዎ።"

"ስንት ዓመት?"

"ምናልባት... ሃያ።"

"አዛዣቸው ማነው?"

"ጥናቱ እሱን ነው የሚፈልገው፣ ሻለቃ።"

"ሲገኝ ንገሪኝ። እኔ አነጋግረዋለሁ!"

ደረጃውን ስንወርድም አልበረደለትም። "ዲሲፕሊን የለም... ዲሲፕሊን..." በየእርከኑ።

ረቡዕ፣ ጥር 15

"አምስት" አለ ሻለቃ። ድምፁ ቀጥኗል።

"አምስት አልበዛም?"

"አስተላልፍ።"

ታንክ ተከራከረኝ። "እኔ እኮ ዛሬ ደህና ነኝ! ገበያ ደርሼ መጣሁ።"

"አምስት ነህ።"

"እሺ፣ አምስት ነኝ።" ከሰዓት በኋላ መልሶ ደወለ። "እውነትህን ነው ሬዲዮ፣ ደከመኝ።"

ቅዳሜ፣ ጥር 18

አንድ ነገር ልጽፍ ነበር የተቀመጥኩት። ምን ነበር?

እሑድ፣ ጥር 19

መነጽሬ ስለመጥፋቱ ነበር። ማቀዝቀዣ ውስጥ ተገኘ። ከእንቁላሎቹ ጎን።

ሰኞ፣ የካቲት 11

ልጅቷ ደረጃው ድረስ ወርዳ ተቀበለችን። ዓይኗ ያበራል።

"አሥራ አንዳችሁም በአንድ ቀን ትደክማላችሁ፣ በአንድ ቀን ይሻላችኋል! እንዲህ ያለ ነገር አይቼም ሰምቼም አላውቅም። ሞዴሉ ግራ ገብቶታል። አንድ ሰው ናችሁ ይለኛል!"

ወጥቤት በክርኑ ጎሸመኝ። ታንክ ጣሪያውን አየ። ሻለቃ ደረቱን ነፋ።

"ሐሙስ ለማዕከሉ ኃላፊና ለሐኪሞቹ አቀርባለሁ። ውጤት ካላየሁ እዘጋዋለሁ ብለውኝ ነበር፤ አሁን ግን አይዘጋም" አለች። "እናንተ ባትኖሩ..."

"እንኳን ደስ ያለሽ" አልኳት። ነርሷ ዛሬ ደም ስሬን ወዲያው አገኘችው። አብጦ ነበር።

ማክሰኞ፣ የካቲት 12

ሻለቃ ሲደውል "ሐሙስ ልጅቷ ልትዋረድ ነው" አልኩት።

"ምን በወጣት! አንድ ክፍል መሆናችንን በሳይንስ አረጋገጠች።"

"የውሸት ቁጥር ይዛ ሐኪሞች ፊት ትቆማለች። ሲነቃባት ጥናቱ ይዘጋል። ያኔ 'ድሮም ምንም የለባቸውም ብለናል' ነው የሚሉን።"

"ውሸት ነው ያለህ ማነው?" ብሎ ዘጋው። የቀኑን ቁጥር ሳይነግረኝ! አሥር ሰው ያለ ሕመም ዋለ።

ለባለቤቴ ነገርኳት። ሽንኩርት እየላጠች ነበር፤ ቀናም አላለች። "ሃያ ዓመት 'ማንም አያምነኝም' እያልክ ጆሮዬን በላኸው። አሁን ያመነችህን አታለልክ። ሂድና ንገራት።"

ረቡዕ፣ የካቲት 13

ብቻዬን ወጣሁ። አራት ጊዜ አረፍኩ፤ ሁለቱ ድካም፣ ሁለቱ ፍርሃት።

ነገርኳት።

"በስልክ?"

"በስልክ።"

"በየቀኑ?"

"እሑድም ጭምር።"

"ቁጥሩን ማነው የሚያወጣው?"

"ሻለቃ።"

"ከምን ተነስቶ?"

እኔ ምን አውቃለሁ? ትዕዛዝ ከምን ይነሳል?

ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፋች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ለካ እየሳቀች ነው... ወይም ሁለቱንም። "አንድ ሰው ናቸው ሲለኝ፣ ሞዴሉን ነው የጠረጠርኩት!"

ከዚያ ድንገት ሳቋን አቆመች። ኮምፒውተሩን ነካካች። ቆይታ ቆይታ፦

"የአሥራችሁ ቅጽ ከደማችሁ ጋር አይገጥምም። የአንዱ ግን... ጋሼ፣ ይህን ይዩ። ደሙ በተቆጣበት ሳምንት ቁጥሩ ይወጣል፣ ሲረጋ ይወርዳል። ሞዴሉ ከገመተው ጋር ልክ ለልክ።"

"የማን ነው?"

"ስም አይነገርም። ቁጥር አራት ነው።"

የማን ደረት ላይ እንዳለ አውቃለሁ፤ ግን አልተናገርኩም። ስም አይነገርም ያለችው ራሷ ናት።

ዓርብ፣ የካቲት 15

ልጅቷ ዛሬ አስጠርታ ነገረችን። ትናንት ለኃላፊው ያለውን ሁሉ አልደበቀችም፤ ስልኩንም፣ ሦስቱንም፣ አምስቱንም። ሐኪሞቹ ሳቁብኝ አለች። ኃላፊው ግን የቁጥር አራትን ግራፍ ሲያይ መሳቁን ተወ። ስድስት ሳምንት ጨመረላት። ቅጹ በየግል ከተሞላ ይቀጥላል። ካልተሞላ፣ ይዘጋል።

ሻለቃን ደረጃው ላይ አገኘሁት፤ ሁለተኛው ፎቅ፣ የታንክ መኝታ ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"ሻለቃ፣ ጥናቱን ያተረፈው ቁጥር አራት ነው።"

ካርዱን በመዳፉ ሸፈነ። አሁን ቢሸፍነው!

"ቁጥሩን ከራስዎ ላይ ነበር የሚያነቡት?"

"ግማሹን" አለ። "ግማሹን ነበር የምነግራችሁ።"

አሰላሁ። ሦስት፣ ስድስት። አራት፣ ስምንት። "አምስት ያሉን ቀንስ?"

"ያን ቀን ጫማዬን እንዳደረግኩ ተኛሁ። ማውለቅ አቅቶኝ።"

"ምነው ሳይነግሩን?"

"አዛዡ አሥር ካለ ጦሩ ምን ሊል ነው?"

ተደጋግፈን ተነሳን። የተነሳነው በሦስተኛው ሙከራ ነው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 16

ከሻለቃ የመጣ የመጨረሻ የጋራ ትዕዛዝ፦ "ከነገ ጀምሮ ሁሉም በየግሉ ይሙላ። ይህም ትዕዛዝ ነው!" አስተላለፍኩ።

ሰኞ፣ የካቲት 18

ወጥቤት ደወለ። "ሬዲዮ፣ ስንት ልበል?"

"እኔን አትጠይቀኝ።"

"ፍንጭ ብቻ!"

"ጉልበትህን ጠይቀው።"

ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ። የምር ሲጠይቀው ይመስለኛል። "ሰባት ነኝ መሰለኝ" አለ። ድምፁ ውስጥ ኩራት ነበር። ታንክ ደግሞ ሁለት ሆነ፤ "ጥፋት ነው እንዴ?" ብሎ ተጨነቀ።

ሰኞ፣ መጋቢት 2

ሊፍቱ ተሠራ። ሁላችንም ገባን። ከበደውና አንደኛው ፎቅ ላይ ቆመ። ታንክ ይውረድ ተባለ። ወረደ። ሄደ ሊፍቱ! ታንክ እስካሁን አኩርፏል።

ልጅቷ የአሥራ አንድ ሰው አሥራ አንድ መስመር አሳየችን። እየተጠላለፉ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። የስድስቱ ከደማቸው ጋር መግጠም ጀምሯል፤ የኔም አለበት። በወረቀት አትማ ሰጠችኝ። ባለቤቴ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈችው። "መነጽርህ ሲጠፋ እግረ መንገድህን ታየዋለህ" አለች።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 3

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስልክ። ከልማድ እርሳሴን አነሳሁ።

"ሬዲዮ። የኔ ዛሬ ስምንት ነው።"

"ተቀብያለሁ።"

"ያንተስ?"

በሃያ ዓመት ውስጥ ጠይቆኝ አያውቅም። "ስድስት" አልኩት።

ትንሽ ተነፈሰ። "በርታ። ደግሞ የኔን... እንዳታስተላልፍ።"

አላስተላለፍኩም። እዚህ ብቻ ጻፍኩት።